«ራን ቪ ብሉኸር» በአማርኛ ምን ይባላል?

የሐምቡርጓ
ሰላም ለቤቱ። አንድ የጀርመንኛ አባባል አስቸግሮኝ ነው የመጣሁት። የምሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው። አንድ አባት ሳምንት ሙሉ እህል አልቀምስ ብለው ሁላችንንም አስጨንቀውን ነበር። ትናንት የድንች ሾርባ ሳቀርብላቸው ማንኪያውን ከእጄ ወስደው ሳህኑን ጠረጉት። ባልደረባዬ በደስታ «ኤር ጌት ራን ቪ ብሉኸር!» አለች። «እንደ ብሉኸር ገባበት» እንደማለት ነው አለችኝ። ብሉኸር ማን ነው? በእኛስ ምን እንበለው?

አባ ንባብ
እህቴ፣ እኚያ አባት እህል በመቅመሳቸው እንኳን ደስ አለሽ።

ሰውዬው ጌብሃርድ ሌበረኽት ፎን ብሉኸር ይባላል። የድሮዋ የጀርመን መንግሥት የፕሩሺያ ጦር አዛዥ ነበር። አባባሉ ሙሉውን ሲነገር «እንደ ብሉኸር በካትስባኽ» ነው። ካትስባኽ ሲሌዢያ ውስጥ ያለ ወንዝ ነው፤ አገሩ ዛሬ ፖላንድ ሆኗል። ኦገስት 26 ቀን 1813 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የናፖሊዮንን ማርሻል ማክዶናልድን እዚያ ገጠመው። የዚያን ቀን ዶፍ ዝናብ ይወርድ ነበር። ባሩዱ ርሶ ጠመንጃው አልተኩስ አለ። የቀረው ሳንጃና ሰደፍ ነው። የፕሩሺያና የሩሲያ ወታደሮች የፈረንሳይን ጦር እየገፉ ሞልቶ ወደሚጋልበው ወንዝ ከተቱት። ብሉኸር ያኔ 70 ዓመቱ ነው!

«ራን» የሚለውን ከዚህ ተረጂው። ከሩቅ መተኮስ የለም፤ ተጠግቶ መግባት ነው። ቅጽል ስሙም «ማርሻል ፎርቨርትስ» ነው፣ ማርሻል ወደፊት። ያወጡለት አብረውት የዘመቱ የሩሲያ ወታደሮች ናቸው ይባላል።

እኔ ብሆን «እንደ ፊታውራሪ ገባበት» እላለሁ። ፊት ሆኖ የሚወር ማለት አይደል?

ልጅ ፊደሉ
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፊታውራሪ ላይ አልስማማም። ፊታውራሪ ሹመት ነው። ሰውየው በሰልፉ የት እንደሚቆም ይነግረናል እንጂ ጠባዩን አይነግረንም። «ማርሻል ወደፊት» ግን ወታደር ጠባዩን አይቶ ያወጣለት ስም ነው። የእኛ የፈረስ ስምና ቅጽል ስም ይቀርበዋል። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን «አባ መላ» ስንል ሹመቱ ፊታውራሪ ነው፣ ሰውየው ግን «አባ መላ» ላይ ነው ያለው።

ፈረስ ካነሳን አይቀር፣ «ማርሻል» ራሱ ከድሮ የጀርመን ቋንቋ የመጣ ቃል ነው። «ማራህ» ፈረስ፣ «ስካልክ» አገልጋይ። የፈረስ አሽከር! ከዚያ ተነስቶ የጦር አዛዥ ስም ሆነ። ለጥንት ትርጉሙ ከእኛ ማዕረጎች ባልደራስ ሳይቀርበው አይቀርም።

የቃል ገበሬ
ሁለታችሁም ካትስባኽ ላይ ቆማችኋል። የሰውየውን ዕድሜ ሙሉውን እዩት።

በ1742 ሮስቶክ ተወለደ። አገሩ መክለንቡርግ ነው፣ ፕሩሺያ አይደለም። በለጋነቱ ለስዊድን በፈረሰኛነት ተቀጥሮ ፕሩሺያን ወጋ። በ1760 ፕሩሺያዎች ማረኩትና እነሱው ዘንድ ቀረ። ማዕረግ ሲነፈገው ተናዶ ልሰናበት አለ። የፕሩሺያው ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክ በ1773 ሲያሰናብተው «ወደ ሰይጣን ይሂድ» አለ ይባላል። እንዲህ ብሎ የሚተረጉም ሰው ሳይ ያመኛል። በአማርኛ እኮ «ገደል ይግባ» ነው! ከዚያ ንጉሡ እስኪሞት ድረስ ገበሬ ሆኖ ኖረ። በ1787 ተመልሶ ሠራዊቱ ውስጥ ገባ።

በ1806 ናፖሊዮን ፕሩሺያን ሲያደቃት ብሉኸር እየተዋጋ እስከ ሉቤክ አፈገፈገ፤ ራተካው ላይ እጁን ሰጠ። ውሉ ላይ ስንቅና ጥይት ስለሌለኝ ነው ብሎ ጻፈበት። ሽንፈቱ ላይ ምክንያቱን በገዛ እጁ መዝግቦ መፈረሙ ሁሌም ልቤን ይነካዋል።

ደግሞ ከናፖሊዮን ጋር የተደረገውን የሊኚን ውጊያ አስቡ። ጁን 16 ቀን 1815፣ 72 ዓመቱ ነው። ፈረሱ ተመትቶ ወደቀና ሥሩ ቀረ። መሽቷል። ረዳት መኮንኑ ኖስቲትስ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቀዋል። የፈረንሳይ ፈረሰኞች በላዩ አልፈው ሄዱ፣ ተመልሰውም አለፉ፤ ማን እንደሆነ አላወቁትም። የብሉኸር ጦር ተሸነፈ። ኤታማዦር ሹሙ ግናይዘናው ወደ ዋቭር ከተማ እንዲያፈገፍጉ አዘዘ። ከሁለት ቀን በኋላ ያ ሽማግሌ ሰውነቱ በልዞ ፈረስ ላይ ወጣ። ለእንግሊዙ የጦር አዛዥ ለዌሊንግተን እመጣለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል። መድፉ ጭቃ ውስጥ እየተቀረቀረ፣ እሱ ወታደሩን እየለመነም እየጮኸም፣ ከሰዓት በኋላ ናፖሊዮን ድል ወደተነሣበት ዋተርሉ ደረሱ።

እንዲህ ያለውን ሰው እኛ «ወደኋላ አይልም» ነው የምንለው። ተሸንፎ አያውቅም ማለት አይደለም። የተጠራበት ቦታ አይሰስትም፣ ራሱን አይቆጥብም ማለት ነው። «ፎርቨርትስ»ም ቁልጭ ብሎ አለበት፤ ወደኋላ የማይል ሰው የት ሊሄድ ነው?

አባ ንባብ
ተረታሁ። ፊታውራሪዬን አንስቻለሁ።

ልጅ ፊደሉ
እኔም ተስማምቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ብሉኸርን የመሰለውን መኳንንት ጀርመኖች «ዩንከር» ይሉታል። ቃሉ የመጣው «ወጣት ጌታ» ከሚል ነው። እኛም የመኳንንት ልጅ «ልጅ እገሌ» ይባል ነበር። ኋላ ግን ዩንከር በፕሩሺያ ምሥራቃዊ ክፍል ያለ ባለርስት ሁሉ መጠሪያ ስለሆነ፣ ስትተረጉሙ «ባላባት» ይሻላል።

የሐምቡርጓ
ኧረ እግዜር ይስጣችሁ! እናቴን በስልክ ጠየቅኳት። «ለምግብ ወደኋላ አይልም» እኛ ሰፈር ሲባል ነው የኖረው አለችኝ። ስለዚህ ለሾርባውም ሆነልኝ። ለእኚያ አባት ግን አንቱታ ስለሚገባ «ወደኋላ አይሉም» ብዬ ለባልደረባዬ በወረቀት ጽፌ ሰጥቻታለሁ። «ኋ» ላይ ምላሷ እየተያዘባት ነው፤ ነገም ታጠናዋለች።