ጫሞ ሐይቅ ላይ በመንጠቆ ያጠመደ አለ?

ሰላም ወገኖች። ከፋሲካ በኋላ አባቴን አርባ ምንጭ ልወስዳቸው ነው። ልጅ እያለሁ ዝዋይ ዳር መንጠቆ ላይ ትል መሰካት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ናይል ፐርች የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ማጥመድ አምሯቸዋል።

የቸገረኝ ጀልባው ነው። የደወልኩላቸው ሁሉ አዞ ገበያ (አዞዎች ተሰብስበው የሚታዩበት የሐይቁ ዳርቻ) አድርሰው ይመልሳሉ፤ ቆሞ የሚያስጠምድ ግን አጣሁ። ከዳር ሆኖ መሞከር ደግሞ በዚያ ሁሉ አዞና ጉማሬ መሀል አይታሰብም።

ፈቃድ የሚሰጠው የት ነው? ቆሮሶ (ቲላፒያ) የማጠምድበት ቀጭን ክር ከ50 ኪሎ በላይ የሚደርስ ዓሣ እንዴት ይችላል? ምን ዓይነት ልግዛ? አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። የላይፍ ጃኬት ያለው፣ የማይቸኩል ባለጀልባ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።