የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ በሐዋሳ የቤት ኪራይ ላይ የሚሠራ የፖሊሲ ጥናት ክፍል

ሰብሳቢ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ስብሰባ የተነሳውን ሐሳብ ወደ ወረቀት እናውርደው። ለከተማው አስተዳደርና ለንግድና ዘርፍ ማህበራት ምክር ቤት የሚቀርብ ነው። መነሻ ዓረፍተ ነገሩ ይኸው፦ «ማህበሩ ነፃ ገበያን የሚደግፍ አነስተኛ የፖሊሲ ጥናት ክፍል ያቋቁማል፤ የመጀመሪያ ሥራው የቤት ኪራይ ቁጥጥር ይሆናል።» ጨምሩበት፣ የማይመቻችሁን ቁረጡ። እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት።

ቤት አከራዩ አባል፦
እኔ እደግፋለሁ። ግን ጥናት እያልን ጊዜ አንፍጅ። የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ኪራይ በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ይጨመር ይላል። ውሉ ከ2 ዓመት አያንስም። እኔ ግቢዬ ውስጥ ለአራት ክፍል መሠረት አውጥቼ ነበር። ብረቱ እንደቆመ ዝናብ እየመታው ዝጓል። የሲሚንቶው ዋጋ አይቆምም፣ የግንበኛው ሒሳብ አይቆምም፣ ኪራዩ ግን ይቁም ተባለ። ታዲያ ማን ይሠራል? ይህንኑ ጽፈን፣ ማህተም አድርገን ወስደን እንስጥ።

መምህሩ፦
ጋሼ፣ የብረቱ ነገር ትልቅ ማስረጃ ነው፣ ይግባ። ደብዳቤው ላይ ግን አልስማማም። አቤቱታ መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀራል። በሌላው ዓለም ነፃ ገበያን የሚያራምዱት ቲንክ ታንኮች፣ ማለትም የፖሊሲ ጥናት ተቋማት፣ ሐሳባቸውን ፖሊሲ ያደረጉት በአቤቱታ አይደለም። ትንሽ ላስረዝምባችሁ።

አንቶኒ ፊሸር የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። የጦር አውሮፕላን አብራሪ የነበረ፣ ኋላ በዶሮ እርባታ ሀብታም የሆነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ኢኮኖሚስቱን ፍሬድሪክ ሃየክን ለንደን ላይ አግኝቶ ፖለቲካ ልግባ ብሎ አማከረው። ሃየክ ተው አለው። ፖለቲከኛ የሚሄደው ሕዝቡ አስቀድሞ ወደተቀበለው ሐሳብ ነው፤ አንተ ሐሳብ የሚቀርጹትን ሰዎች ያዝ ነበር ምክሩ። ፊሸር በ1955 ለንደን ላይ የኢኮኖሚ ጉዳዮች ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። ራልፍ ሃሪስና አርተር ሴልደን ለብዙ ዓመታት መሩት። ሥራቸው ቀጫጭን መጻሕፍት እያሳተሙ ለመምህር፣ ለተማሪ፣ ለጋዜጠኛ ማድረስ ነበር። ከጻፉባቸው ጉዳዮች አንዱ የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር ነው። ማርጋሬት ታቸር በ1979 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆና ሥልጣን ያዘች፤ በዚያው ዓመት ቁጥጥሩ ተነሳ። ያኔ ተቋሙ ከተመሠረተ 24 ዓመት ሆኖት ነበር። ለውጡ ድንገት የመጣ የሚመስለው ከዳር ለሚያየው ነው።

የሒሳብ ሹሟ፦
24 ዓመት? እኛ ለአንድ ዓመት የሚሆን በጀት እንኳ ገና አልያዝንም።

መምህሩ፦
ልክ ነሽ። ለዚህ ነው ሌላኛው መንገድ የሚጠቅመን። እ.ኤ.አ. በ1971 የአሜሪካ ሴኔት ስለ አንድ ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኞች አውሮፕላን ፕሮጀክት ድምፅ ሊሰጥ ነበር። አንድ የታወቀ የጥናት ተቋም በጉዳዩ ላይ ጥሩ ወረቀት አዘጋጀ፤ ግን በውጤቱ ላይ ተጽዕኖ እንዳያደርግ ብሎ ድምፁ ካለፈ በኋላ ላከው። ኤድዊን ፉልነርና ፖል ዋይሪች የተባሉ ሁለት የምክር ቤት ሠራተኞች በዚህ ተቆጩ። በ1973 ሄሪቴጅ ፋውንዴሽንን ሲያቋቁሙ ደንባቸው ግልጽ ነበር፦ ወረቀቱ ከውሳኔው በፊት ይድረስ፣ ባለሥልጣኑ መኪና ውስጥ ሆኖ አንብቦ የሚጨርሰው ይሁን። ሮናልድ ሬገን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሥልጣን ሲይዝ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ምን ይሠራ የሚል ከ1,000 ገጽ በላይ ሰነድ አዘጋጅተው ጠበቁት። አዲስ ሹም ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚቸግረው የት እንደሚጀምር ነው። ጠረጴዛው ላይ የተዘጋጀ ነገር ያስቀመጠለት ሰው ይደመጣል።

ስለዚህ ለእኛ የምለው ሁለት ነገር ነው። አንድ፣ ወረቀታችን ከአራት ገጽ አይብለጥ። ሁለት፣ የዓመቱ የኪራይ ጭማሪ ከመወሰኑ በፊት ይድረስ። መስከረም ላይ የሚደርስ ወረቀት ለማንም አይረባም።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ የሰው ኃይል ክፍል አባል፦
የጋሼን ብረት ሰማሁ፣ ይገባኛል። እኔም የማየውን ልናገር። ፓርኩ አካባቢ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ልጆች ይኖራሉ። ፍራሹ ሁለት ነው። የሌሊት ፈረቃ የገባችው ጠዋት ስትመለስ ጓደኛዋ በተነሳችበት ላይ ትተኛለች። ልብሳቸው በፌስታል ሆኖ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ሽንት ቤቱ ለግቢው ሁሉ አንድ ነው። ልጆቹ ደመወዝ ሲጨመርላቸው ለአከራይ አይናገሩም፤ ከሰማ በወሩ ኪራይ ይጨምራል። ብዙዎቹ ከገጠር ነው የመጡት፣ ከተማ ውስጥ ዘመድ የላቸውም።

ቁጥጥሩ ይነሳ የሚል ወረቀት እነዚህ ልጆች ሳይጠየቁ ከወጣ እኔ አልፈርምም። «ነፃ ገበያን የሚደግፍ» ብለን ከጀመርን መልሱን ከጥያቄው በፊት ጽፈናል ማለት ነው።

ቤት አከራዩ አባል፦
ልጄ፣ ቤት በዝቶ ቢሆን ኖሮ አራት ሆነው ባልተኙ ነበር። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

የሰው ኃይል ክፍል አባል፦
ሊሆን ይችላል ጋሼ። ታዲያ በማስረጃ እናሳየው። ስንት ክፍል መሠረት ላይ ቀርቷል? የቀረው በአዋጁ ነው፣ በሲሚንቶ ዋጋ ነው ወይስ በመሬት? ይህንን የቆጠረ ሰው አላየሁም።

መምህሩ፦
እዚህ ላይ አንድ ታሪክ አለ። ሚልተን ፍሪድማንና ጆርጅ ስቲግለር የተባሉ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1946 የኪራይ ቁጥጥርን የሚቃወም ትንሽ ጽሑፍ አወጡ። ያሳተመው ለነፃ ገበያ የቆመ አንድ የአሜሪካ ተቋም ነው። ክርክሩ የኢኮኖሚስት ክርክር ነበር፦ ኪራይ ሲታሰር አዲስ ቤት አይሠራም፣ ያለውም በትውውቅ ይያዛል። ጽሑፉን አሳጥሮ በግማሽ ሚሊዮን ቅጂ የበተነው ግን የሪል እስቴት ነጋዴዎች ማህበር ነው። ሐሳቡ ትክክል ቢሆን እንኳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ማን እንደበተነው ነው። በእኛም ላይ የሚነሳው ጥያቄ ይኸው ነው።

የሒሳብ ሹሟ፦
ስለዚህ የገንዘቡን አንቀጽ እኔ ልጻፍ። ለንደን ያለው ተቋም ዛሬ ድረስ የሚወቀሰው በዚሁ ነው። ከሲጋራ አምራቹ ብሪቲሽ አሜሪካን ቶባኮ ገንዘብ ይቀበል እንደነበር ከታወቀ ወዲህ፣ ስለ ሲጋራ ሕግ በተናገረ ቁጥር «ማን ከፍሎህ ነው?» ይባላል። የኛ ክፍል የሰጠውን ሰው ስምና መጠን በየወረቀቱ መጨረሻ ያትም። ከአንድ ሰጪ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ በላይ አይቀበል። የውጭ ድጋፍ ቢመጣም እንዲሁ ይታተም። በቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት አዋጅ 621/2001 ዘመን ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብትና በፖሊሲ ጉዳይ መሥራት አይችልም ነበር። የተካው አዋጅ 1113/2011 ያንን አንስቶልናል። መብቱን ካገኘን ደብቀን አንጠቀምበት።

ቤት አከራዩ አባል፦
ስሜ ይታተም፣ ቅር አይለኝም። ግን ወረቀቱ መጨረሻ ላይ አቋም ይኑረው። «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» ብሎ የሚያልቅ ጥናት ማንም አይሰማውም።

መምህሩ፦
በዚህ ከጋሼ ጋር ነኝ። እነዚያ ተቋማት የተደመጡት አቋም ስለነበራቸው ነው። ግን አቋሙ መሬት ላይ ባለው ይፈተን። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው የሊዝ ትረስ መንግሥት ለንደን ላይ ትልቅ የግብር ቅነሳ አወጀ። የነፃ ገበያ ቲንክ ታንኮች ለዓመታት ሲጠይቁት የነበረ ዓይነት ነገር ነው። የገንዘቡ ምንጭ አልተብራራምና ፓውንድ ወደቀ፣ የእንግሊዝ ባንክ የመንግሥት ቦንድ ለመግዛት ተገደደ፣ እሷም ሁለት ወር ሳትሞላ ወረደች። ሐሳብን ለማስደመጥ መቻል አንድ ነገር ነው፤ የሚያስከትለውን አስቀድሞ ማስላት ሌላ ሥራ ነው። የኛ ወረቀት ሁለተኛውንም ይሥራ። ቁጥጥሩ ቢላላ በመጀመሪያው ዓመት ኪራይ ስንት ይደርሳል፣ የፓርኩ ልጆች የት ይገባሉ የሚለው ይጻፍ።

ሰብሳቢ፦
እስካሁን ያላችሁትን ይዤ መነሻውን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦

«ማህበሩ በሐዋሳ የቤት አቅርቦትና ኪራይ ላይ የሚሠራ የጥናት ክፍል ያቋቁማል። ክፍሉ ገበያ በነፃነት ሲሠራ ቤት ይበዛል የሚለውን እምነቱን አይደብቅም፤ ነገር ግን ይህንን በዳቶ፣ በታቦር፣ በጥቁር ውሃና በአላሙራ አከራይንም ተከራይንም በመጠየቅ ይፈትናል። ያልተጠናቀቁ ክፍሎችን ከነምክንያታቸው ይቆጥራል። ከአራት ገጽ ያልበለጠ ወረቀት የዓመቱ ጭማሪ ከመወሰኑ በፊት ያቀርባል። የገንዘብ ምንጩን በየወረቀቱ ያትማል።»

የሰው ኃይል ክፍል አባል፦
እፈርማለሁ። አንድ ልጨምር፦ ተከራዮቹ ሲጠየቁ አከራዩ አጠገባቸው አይቁም።

ቤት አከራዩ አባል፦
ተገቢ ነው። የኔን ግቢ መጀመሪያ ቁጠሩት።

የሒሳብ ሹሟ፦
የማጠቃለያው ገጽ በሲዳሙ አፎም ይውጣ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፣ ከገጠር የመጡት ልጆችም ያነቡታል። ለኤፍ ኤም ሬዲዮም ይመቻል። ትርጉሙን የሚይዝ አለ?

መምህሩ፦
ከተማሪዎቼ ሁለቱ ይይዙታል፤ መጠይቁንም አብረው ያዘጋጃሉ። የትርጉም ክፍያ በጀቱ ውስጥ ይግባ፣ በነፃ አይሥሩ።

ሰብሳቢ፦
ገብቷል። ሐሙስ ማታ ድረስ የሚጨመር ካለ ጻፉ፣ ዓርብ ጠዋት አትሜ ለፊርማ አመጣለሁ።