የተወራለት ፊልምና ቅሌት የተነሳበት ተዋናይ፦ እውነቱን በምን እንለያለን?

ባለ ትኬት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ ሥረ መሠረታቸው ግን አንድ ይመስለኛል።

አንደኛ፣ ፊልም ገና ሳይወጣ "የዓመቱ ምርጥ" ይባላል። ትሬለሩ በሚሊዮኖች ታየ፣ በፌስቲቫል ላይ ተመልካች ቆሞ አጨበጨበ ይባላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ስሙን የሚያነሳ የለም። ትኬት ከመቁረጤ በፊት ወሬውን ከፊልሙ የምለይበት ምልክት አለ?

ሁለተኛ፣ ቅሌት ሲሰማ አንዱ ተዋናይ በሳምንት ውስጥ ከሥራ ይወጣል፣ ሌላው ደግሞ ፍርድ ቤት ፊት ጥፋቱን አምኖ እንኳ ይሸለማል። ይህን የሚወስነው ሕግ ነው፣ ውል ነው ወይስ የሕዝብ ስሜት? ስለ ሆሊውድ ነው የምጠይቀው። አሠራሩን የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ቁጥር ቆጣሪ

የመጀመሪያውን እኔ ልሞክረው። የሃያስያንን አስተያየት በሚሰበስበው ድረ ገጽ፣ በሮተን ቶሜቶስ መቶኛ አትታለል። 95 በመቶ ማለት ፊልሙ ከመቶ 95 አገኘ ማለት አይደለም፤ ከጻፉት ሃያስያን 95 በመቶዎቹ "ደህና ነው" ወይም ከዚያ በላይ ብለዋል ማለት ብቻ ነው። ሁሉም ከ10 ስድስት ቢሰጡት መቶ በመቶ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ መቶኛውን ነካ አድርገህ አማካይ ነጥቡን አውጣ። ሜታክሪቲክ የሚባለው ሌላ ድረ ገጽ ደግሞ የሃያስያኑን ነጥብ ለአንዳንዶቹ የበለጠ ክብደት እየሰጠ ያማክላል። አንድ ፊልም ሮተን ቶሜቶስ ላይ 92 በመቶ፣ ሜታክሪቲክ ላይ 66 ካለው፣ ማንንም ያላስከፋ ግን ማንንም ያላስደነቀ ሥራ ነው ማለት ነው። ወሬ ከፍ የሚያደርጋቸው ፊልሞች ብዙዎቹ እዚህ መሐል ያሉት ናቸው።

ቀጥሎ ሃያስያን እንዲጽፉ የተፈቀደበትን ቀን ተመልከት። ስቱዲዮ ፊልሙን ቀድሞ ሲያሳያቸው ጽሑፉ የሚወጣበትን ቀንና ሰዓት ራሱ ይወስናል። ከሳምንት በፊት ከፈቀደ በሥራው ይተማመናል። በመክፈቻው ዋዜማ ወይም በዕለቱ ብቻ ከለቀቀው ፈርቷል። አንድ ዘዴም አለ፦ የተጋበዙ ሰዎች በማኅበራዊ ሚዲያ "ድንቅ ነው" እንዲሉ ቀድሞ ይፈቀድላቸዋል፣ ሙሉ ሂሱ ግን ለቀናት ይታገዳል። በዚያ መሐል የምታነበው ሁሉ ማስታወቂያ ነው።

ከሁሉ የማይዋሸው የሁለተኛው ቅዳሜና እሁድ ገቢ ነው። የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ሊገዛው ይችላል፤ ሁለተኛው የሚመጣው ካየው ሰው አፍ ነው። ለትልልቅ ፊልሞች ከ50 እስከ 60 በመቶ መውረድ የተለመደ ነው። የ2016ቱ "ባትማን ቪ ሱፐርማን" በአሜሪካና ካናዳ በ166 ሚሊዮን ዶላር ተከፈተ፣ በሁለተኛው ሳምንት 69 በመቶ ወደቀ፣ በመጨረሻ 330 ሚሊዮን ላይ ቆመ። የመክፈቻውን እጥፍ ብቻ ማለት ነው። በ2017 የወጣው "ጌት አውት" ግን በ4.5 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ በ33 ሚሊዮን ተከፈተ፣ በሁለተኛው ሳምንት የወረደው 15 በመቶ ገደማ ነበር፣ ሲጨርስ 176 ሚሊዮን ደረሰ። ከመክፈቻው አምስት እጥፍ በላይ። ሰው ለሰው የነገረው ፊልም ይህን ይመስላል።

ሲኒማስኮር የሚባለው በመክፈቻው ምሽት ከአዳራሽ የሚወጣ ተመልካች የሚሰጠው ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ምሽት ተመልካች ጓጉቶ የመጣ ስለሆነ ይለግሳል፤ ስለዚህ "ቢ" እዚያ ጥሩ ውጤት አይደለም። ባትማን ያገኘው "ቢ" ነበር። "ጌት አውት" "ኤ ማይነስ" አገኘ፣ የሚያስፈራ ፊልም ደግሞ ይህን ያህል የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው።

"500 ሚሊዮን አስገባ" ሲባልም ከገቢው ግማሽ ያህሉ የሲኒማ ቤቶቹ ነው፤ ከቻይና ለስቱዲዮው የሚተርፈው ሩብ ገደማ ነው። በይፋ በሚነገረው በጀት ውስጥ የማስታወቂያ ወጪ የለም። ሻካራው ስሌት ፊልሙ ኪሳራ እንዳይሆን የበጀቱን ሁለት እጥፍ ወይም ሁለት እጥፍ ተኩል ማስገባት አለበት የሚለው ነው።

መዝገብ አገላባጭ

ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ ውል ነው። ሕግና ሕዝብ ከኋላ ይከተላሉ። (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በ1921 ነው። ሮስኮ አርባክል በዘመኑ እጅግ ተወዳጅ ኮሜዲያን ነበር። በሴፕቴምበር ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኝ ሆቴል ከነበረ ግብዣ ቀናት በኋላ ቨርጂኒያ ራፕ የተባለች ተዋናይት ሞተች፣ እሱም በሰው ግድያ ተከሰሰ። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ በዚያው ወር በተዋንያኑ ውል ላይ የሥነ ምግባር አንቀጽ አስገባ፦ የሕዝብን አክብሮት ያጣ ተዋናይ ደሞዙ ይቋረጣል። ልብ በሉ፣ "ጥፋተኛ የተባለ" አይልም፤ "አክብሮት ያጣ" ነው የሚለው። አርባክል ሦስት ጊዜ ችሎት ቀረበ። በሁለቱ ችሎቶች ፍርድ የሚሰጡት ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች (ጁሪ) መስማማት አቃታቸው። በሦስተኛው፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1922፣ ነጻ ለቀቁት፤ በደል ተፈጽሞበታል ብለው በጽሑፍ ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደረሱ። ከስድስት ቀን በኋላ የፊልም ኢንዱስትሪው ኃላፊ ዊል ሄይስ ፊልሞቹን አገደ። እገዳው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ቢነሳም በሩ አልተከፈተለትም፤ በሌላ ስም ዳይሬክት እያደረገ ኖረ።

ተቃራኒው ዳይሬክተሩ ሮማን ፖላንስኪ ነው። በ1977 ከ13 ዓመት ልጅ ጋር በሕግ የተከለከለ የግብረ ሥጋ ግንኙነት መፈጸሙን ፍርድ ቤት ፊት አመነ፤ የመጨረሻው ቅጣት ሳይወሰንበት በ1978 ከአሜሪካ ሸሸ። በ2003 የምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር ተሸለመ፣ እሱ በሌለበት ከአዳራሹ ብዙ ሰው ቆሞ አጨበጨበለት። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ከአባልነት ያስወጣው በሜይ 2018 ነው። የ1977ቱ መዝገብ በ2003ም በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነበር። በመሐል የተለወጠው በኦክቶበር 2017 ብዙ ሴቶች በወሲባዊ ጥቃት የወነጀሉት የፕሮዲውሰሩ የሃርቪ ዋይንስታይን ጉዳይ ፈንድቶ ዝም ማለት ከመናገር የበለጠ የሚያስከፍል መሆኑ ነው። ይህን ሥነ ምግባር ብሎ መጥራት ለተበደሉት ስድብ ነው።

የሴትና የወንድ ሚዛንም እኩል አይደለም። ተዋናይቷ ኢንግሪድ በርግማን ከጣሊያናዊው ዳይሬክተር ከሮቤርቶ ሮሴሊኒ ጋር ፍቅር ስትጀምር ሁለቱም ትዳር ነበራቸው። ልጃቸው በፌብሩዋሪ 1950 ተወለደ። በማርች የኮሎራዶው ሴናተር ኤድዊን ጆንሰን ምክር ቤት ውስጥ ቆሞ አወገዛት፤ ተዋንያን፣ ፕሮዲውሰሮችና ፊልሞች በፈቃድ ብቻ እንዲሠሩ የሚያደርግ ረቂቅም አቀረበ። ሮሴሊኒንም ሰድቦታል፣ እሱ ግን ሆሊውድ ውስጥ የሚያጣው ብዙ ነገር አልነበረውም። እሷ ለዓመታት ከሆሊውድ ራቀች። በ1957 ኦስካር ሰጥተው ተቀበሏት። በ1972 ሴናተር ቻርልስ ፐርሲ እዚያው ሴኔት ውስጥ ይቅርታ ጠየቁ። በ"አንድ ራስ ሁለት ምላስ" ለሚመራ ኢንዱስትሪ 22 ዓመት እንኳ አጭር ነው።

የፖስተር አንባቢ

ቁጥር ቆጣሪ የጻፈውን እያጸደቅሁ ስለ ፖስተር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ነው።

በፖስተሩ ላይ በትዕምርተ ጥቅስ የተቀመጠ ሙገሳ ካለ የሃያሲውን ስም ፈልግ። በ2001 ሶኒ "ዴቪድ ማኒንግ" የሚባል ሃያሲ ፈጥሮ ሲያበቃ በኮኔቲከት ካለ ትንሽ ጋዜጣ የተወሰደ አስመስሎ ፊልሞቹን ሲያስመሰግን ኒውስዊክ አጋለጠው። ጋዜጣው በእውን ያለ ነው፤ ሰውዬው ግን የለም። በ2005 ስቱዲዮው 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፣ ተመልካችም በትኬት 5 ዶላር እንዲመለስለት ተባለ። ዛሬ እንዲህ ያለ ድፍረት ባይበዛም፣ በሦስት ነጥብ የተቆረጠ ጥቅስ ካየህ ሙሉውን ጽሑፍ ክፈት። የተቆረጠው ቃል ብዙውን ጊዜ "ግን" ነው።

ፊልሙ ፌስቲቫል ላይ መታየቱን ለመግለጽ ፖስተሩ ላይ የሚደረገውን የዘንባባ ቅጠል ምልክትም በጥንቃቄ አንብብ። "በካን የታየ" (በፈረንሳዩ የካን ፌስቲቫል ማለት ነው) ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። በዋናው ውድድር መግባት አለ፣ "አን ሰርተን ሪጋርድ" የሚባለው ክፍል አለ፤ የያሬድ ዘለቀ "ላምብ" በ2015 የቀረበው በዚህ ክፍል ነው፣ ይፋዊ ምርጫም ነው። ከዚህ ውጭ ግን በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ከተማ የፊልም ገበያ ይካሄዳል። እዚያ ፕሮዲውሰሩ ከፍሎ አዳራሽ ይዞ ለገዢዎች ያሳያል፤ የመረጠው ማንም የለም። ስለዚህ "በየትኛው ክፍል?" ብለህ ጠይቅ። ሽልማት ከሆነም ስሙ በትክክል ይጻፋል፦ የኃይሌ ገሪማ "ጤዛ" በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን ወሰደ። እንዲህ የሚጻፍ ሥራ ያለው ሰው "በዓለም አቀፍ መድረክ የተደነቀ" በሚል ደፍኖ አይናገርም።

የጭብጨባ ደቂቃ ደግሞ ምንም አይለካም። በጋላው (እንግዶች በክብር በሚጋበዙበት ማሳያ) ምሽት ዳይሬክተሩና ተዋንያኑ አዳራሹ ውስጥ ናቸው፣ ካሜራው በየተራ ፊታቸውን ስክሪን ላይ ያወጣል፣ ቁጭ ብሎ መቅረት ነውር ነው። ጋዜጠኞች ብቻ በሚያዩበት ማሳያ የተባለውን ፈልግ።

የትሬለር ዕይታም ይገዛል። በዩቲዩብ ማስታወቂያ ሆኖ የሚመጣ ቪዲዮ 30 ሰከንድ ከታየ ወይም ሰው ከነካው እንደ ዕይታ ሊቆጠር ይችላል። የዕይታው ቁጥር በሚሊዮኖች ሆኖ አስተያየቱ ጥቂት ከሆነ ተጠራጠር።

ሚዛን

መዝገብ አገላባጭ ስለ ውል ባነሳው ላይ አንድ ምሳሌ መቅረት የለበትም፣ ምክንያቱም ጽድቁና ግብዝነቱ አንድ ፊልም ውስጥ ነው ያሉት። በኦክቶበር 2017 መጨረሻ ተዋናዩ ኬቨን ስፔሲ ላይ የወሲብ ትንኮሳ ውንጀላ ሲነሳ እሱ የተወነበት የዳይሬክተር ሪድሊ ስኮት "ኦል ዘ መኒ ኢን ዘ ወርልድ" ተጠናቆ ለዲሴምበር ተዘጋጅቶ ነበር። ስፔሲን አውጥተው ክሪስቶፈር ፕለመርን ተኩ፣ ትዕይንቶቹን በኖቬምበር በአሥር ቀን ገደማ እንደገና ቀረጹ፣ በዲሴምበር 25 አወጡት። ወጪው ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዓለም አጨበጨበላቸው። በጃንዋሪ ግን ለዚሁ ዳግም ቀረጻ ከተዋንያኑ ማርክ ዋልበርግ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሲያገኝ ሚሼል ዊሊያምስ ከ1,000 ዶላር በታች ማግኘቷ ወጣ። እንደተዘገበው የእሷ ውል ዳግም ቀረጻን ያካተተ ነበር፣ የእሱ አልነበረም። ቁጣው ሲበረታ ዋልበርግ ገንዘቡን በስሟ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ለሚታገለው ለታይምስ አፕ ሰጠ። ቁጣው ባይመጣ ኖሮ ማን ይነካው ነበር?

ስፔሲ ራሱ በ2022 ኒውዮርክ በፍትሐ ብሔር ተጠያቂ አልተባለም፣ በ2023 ለንደን ከዘጠኝ የወንጀል ክሶች ነጻ ወጣ። ያም ሆኖ ይተውንበት ለነበረው "ሃውስ ኦፍ ካርድስ" ለተባለው ተከታታይ ድራማ አዘጋጅ 31 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍል በግልግል ዳኝነት ተወስኖበት ነበር፤ ኋላ በስምምነት ተዘጋ። ውሉ የወንጀሉን ፍርድ አይጠብቅም።

ባለ ትኬት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲህ አንድ ልጨምር፦ በአማርኛ ዩቲዩብ "ጉዱ ወጣ"፣ "ተፈረደበት" የሚሉ ቪዲዮዎችን ስናይ የትኛውን ቃል ነው የምናጣራው?

መዝገብ አገላባጭ

"ተከሰሰ" ሲሉህ ማን ነው የከሰሰው ብለህ ጠይቅ። በቃለ መጠይቅ የተነገረ ውንጀላ፣ ገንዘብ የሚጠየቅበት የፍትሐ ብሔር ክስና ዐቃቤ ሕግ የመሠረተው የወንጀል ክስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በፍትሐ ብሔር "ጥፋተኛ" አይባልም፣ "ተጠያቂ" ነው፤ የማስረጃው ልክም ዝቅ ይላል። "በስምምነት ተጠናቀቀ" ማለት ማመን አይደለም፣ ነጻ መሆንም አይደለም። ዋይንስታይን ለዓመታት ተደብቆ የኖረው በዚህ ነው፤ ኒውዮርክ ታይምስ በኦክቶበር 5 ቀን 2017 ቢያንስ ስምንት እንዲህ ያሉ ስምምነቶችን አወጣ፣ ሴቶቹ ካሳ ተቀብለው ዝም እንዲሉ የሚያስሩ ነበሩ።

"ፍርዱ ተሻረ" ሲባል ደግሞ ምክንያቱን አንብብ። በኤፕሪል 2024 የኒውዮርኩ ከፍተኛ ይግባኝ ሰሚ የዋይንስታይንን ፍርድ የሻረው በክሱ ውስጥ ያልተካተቱ ሴቶች ምስክርነት መሰማቱ ስህተት ነው ብሎ እንጂ ነጻ ነው ብሎ አይደለም። በዚያ ቀን "ንጹህ ሆኖ ተገኘ" የሚል ርዕስ የለጠፈ ሁሉ ዋሽቷል። የሎስ አንጀለሱ የ16 ዓመት ፍርድ በቦታው ነበር፣ በ2025 ኒውዮርክ ላይ እንደገና ሲዳኝም በአንዱ ክስ ጥፋተኛ ተባለ።