ከደሴ ለሁለት ቀን አዲስ አበባ፦ የዘመኑን ሥዕል የት እንይ?

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አራት ሆነን ዓርብ ጠዋት ከደሴ በአውቶቡስ እንነሣለን፤ ቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ ነን፣ ሰኞ መመለስ ነው። የዘመኑን ሥዕል ማየት ነው የፈለግነው። ከየት እንጀምር? የተሣለ ሸራ ብንገዛስ ሳይበላሽ ደሴ እንዴት ይገባል?

ቦርከና፦
አብሽሩ፣ ሁለት ቀን ይበቃል፤ ስድስት ሰባት ቦታ ካላሳደዳችሁ። ዓርብን ግን አትቁጠሩት። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ላምበረት መናኸሪያ ስትወርዱ ቀኑ አልቋል።

ቅዳሜ ጠዋት አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም። ሰው ሉሲን አይቶ ይወጣል፤ ሥዕሉ ያለው ፎቅ ላይ ነው። የአፈወርቅ ተክሌን ትልቅ ሸራ እዩና በእግር ወደ ስድስት ኪሎ፣ ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል። ገብረ ክርስቶስ ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ ተምሮ የተመለሰ ሠዓሊ፣ አብስትራክትን (የሰውና የዕቃ መልክ የሌለበትን፣ የቀለምና የቅርጽ ሥዕል) ለአገሩ ካስተዋወቁት አንዱ ነው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት፤ ሰውና ፊት ካለበት ሥዕል ተነሥቶ ወደ ቀለሙ ብቻ የሄደ ዓይን አይደናገርም። ቀድማችሁ ደውሉ። አንዱ ትርኢት ወርዶ ሌላው እስኪሰቀል አዳራሽ ይዘጋል፤ ብዙ ሰው በር ላይ ደርሶ የሚመለሰው በዚህ ነው።

እሑድ ዞማ ሙዚየም፣ መካኒሳ። ግማሽ ቀን ስጡት። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የትርኢት አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ያቆሙት ነው፣ በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። ለወሎ ሰው ጭቃ ቤት ምን ብርቁ ነው ትሉ ይሆናል፤ ምርጊቱ ላይ የወጣውን ቅርጽ ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ያኔ እንነጋገራለን። የኤልያስን ሥራ ያገኛችሁ እንደሆነ መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፦ ከአየር ላይ የታየ ማሳ ይመስላል። ስትቀርቡት የተጎነጎነ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒዩተር ሰሌዳ ነው።

ፒያሳ፦
ቦርከና የግል ጋለሪዎቹን ዘለልካቸው። እሑድ የሚዘጉ ስላሉ ቅዳሜ ከሰዓት አድርጓቸው። አዲስ ፋይን አርት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ በኋላ ለንደንም ከፍቷል። ጋለሪ ቤት ይቀያይራልና አድራሻውን ከገጹ ላይ አረጋግጡ። ስትገዙ የሠዓሊው ስም፣ ርዕሱ፣ ዓመቱ፣ የቀለሙ ዓይነትና ልኩ የተጻፈበት ፊርማ ያለው ወረቀት ተቀበሉ።

እመት ዘሃራ፦
ስለ ማጓጓዙ ልጆቼ፦ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቅለል። ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ እርስ በርሱ ተጨማዶ ይሰነጠቃል። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቧንቧ ግዙ፤ ወፍራም ሲሆን ይሻላል። ሸራው በቧንቧው ላይ ይጠቀለላል እንጂ ውስጡ አይገባም። ቀለሙን የሚነካው የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ይሁን፤ ጋዜጣ ቀለሙን ያትምበታል፣ ፌስታል አክሪሊክ በሚባለው በውሃ የሚቀጥን ቀለም ላይ ይጣበቃል። አክሪሊክ ደግሞ ሲበርደው ይገረርና በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ ጣርማ በር ብርድ ላይ ፈትታችሁ ለጓደኛ አታሳዩ። አውቶቡስ ጣራ ላይ አይጫን፣ ጉልበታችሁ ላይ ይሁን። ቀለሙ በወፍራሙ የተለሰነ ከሆነ ወይም ዘይት ቀለም ሆኖ ገና ወራቱ ከሆነ ጭራሽ አይጠቀለልም፤ ከነፍሬሙ ነው የሚመጣው። ቤት እንደገባችሁ ፍቱት።