አዳራሽ ውስጥ ስቀርጽ ብቻ ምስሉ ላይ ጥላ ይመላለሳል፤ ችግሩ የካሜራው ነው ወይስ የሶፍትዌሩ?

የጅሬኑ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ከተማ ውስጥ የሰርግና የምረቃ ቪዲዮ እየቀረጽኩ የማቀናብር ሰው ነኝ። ዘመዴ ከአሜሪካ ይዞልኝ የመጣውን ያገለገለ ባለሙያ ቪዲዮ ካሜራ ሥራ ላይ ካዋልኩት ወዲህ እንቅልፍ የነሣኝ ችግር ስለገጠመኝ ምክራችሁን እሻለሁ።

በጥር ወር አንድ ሰርግ ቀረጽኩ። ጠዋት ሙሽሮቹን ጅሬን ላይ በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግቢ ስቀርጻቸው ምስሉ ምንም እንከን አልነበረበትም። ከሰዓት በኋላ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ወዳለ አዳራሽ ገብተን ፍሎረሰንቶቹ ሲበሩ ግን አግድም የተዘረጋ ደብዛዛ ጥላ በምስሉ ላይ እየተንከባለለ ያልፋል፤ ነጩ ቬሎ ላይ ደግሞ ይብሳል። በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ላይ አላስተዋልኩትም፤ ያየሁት ቤት ገብቼ በፕሪሚየር ፕሮ (በቪዲዮ ማቀናበሪያው ሶፍትዌር) ስከፍተው ነው። በመጀመሪያ ሶፍትዌሩን ጠርጥሬ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፤ ቀጥሎ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር አደስኩ፤ ምንም ለውጥ የለም።

በዚያው ሥራ ላይ ሁለት ሌሎች ነገሮችም አስቸግረውኛል። ቀረጻው በኤቪሲኤችዲ (የቪዲዮ አቀራረጽ ዓይነት) ሲሆን፣ ከካርዱ ወደ ሃርድ ዲስክ ስገለብጥ ምስልና ድምፁ ያሉባቸውን የኤምቲኤስ ፋይሎች ብቻ መርጬ ወሰድኩ፤ ረዥሙ የሽማግሌዎች ንግግር በተከፋፈሉ ፋይሎች ስለመጣ አንዱ አልቆ ሌላው ሲጀምር ድምፁ ለቅጽበት ይቋረጣል። ከአዳራሹ ሚክሰር በተለየ መቅጃ የወሰድኩት ድምፅ ደግሞ ሲጀምር ከከንፈር ጋር ልክ ሆኖ ሳለ ሁለት ሰዓት ሲሞላው 4 ፍሬም (ቪዲዮው የሚሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ረዳቴ የያዘው ሁለተኛው ካሜራ በሰከንድ 25 ፍሬም የሚቀርጽ ሲሆን ፍሎረሰንቱ ሥር ጥላውን አላሳየም። የሙሽራዋ ቤተሰቦች በየቀኑ እየደወሉ ነው።

አሮጌ ትራይፖድ

ጥያቄዎ ውስጥ መልሱ አብሮ አለ፤ ካሜራው የመጣው ከአሜሪካ ነው፣ በፀሐይ ብርሃን ምንም አይልም፣ ባለ 25 ፍሬሙ ካሜራ ደግሞ በዚያው መብራት ሥር ደህና ነው። ሆኖም ሶፍትዌሩን ከጥርጣሬ ነፃ ለማድረግ ካሜራውን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝተው ቀረጻውን በቀጥታ ያጫውቱ። ጥላው እዚያም ከታየ ፕሪሚየርን ማራገፍና መጫን ከንቱ ድካም ነበር ማለት ነው። እኔም በጀማሪነቴ ዊንዶውስን ሳይቀር አጥፍቼ ጭኜ ስለነበር አይፈሩ፣ ብቻዎን አይደሉም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዑደት) ስለሆነ በአሮጌ ባላስት (የመብራቱን ኤሌክትሪክ በሚቆጣጠር ዕቃ) የሚሠራ ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ 100 ጊዜ ይደበዝዛል፤ ዓይናችን አይለየውም፣ ካሜራ ግን ይለየዋል። የአሜሪካ መስመር 60 ኸርዝ በመሆኑ ካሜራዎ በ60 ሥርዓት ተስተካክሎ፣ ሻተሩም (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ላይ ሆኖ ነው የመጣው። በ1/60 ሰከንድ ውስጥ የኛ መብራት የሚደምቀው አንድ ጊዜ ከሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ አንዱ ምስል ብዙ ብርሃን ሲያገኝ ቀጣዩ ያንሰዋል፣ ሴንሰሩም መስመር በመስመር ስለሚያነብ ልዩነቱ በጥላ መልክ ይንከባለላል። ሻተሩ 1/50 ቢሆን ሁለት ሙሉ ድምቀት፣ 1/100 ቢሆን አንድ ሙሉ ድምቀት ይይዛል፤ ሁሉም ፍሬም እኩል ብርሃን ስለሚያገኝ ጥላ የሚፈጠርበት ምክንያት አይኖርም።

ስለዚህ በሜኑው ውስጥ 60አይ (የ60 ሥርዓት) የሚለውን ወደ 50አይ (የ50 ሥርዓት) ይቀይሩ። ከመቀየርዎ በፊት ግን በካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ይገልብጡ፤ ብዙ ካሜራዎች ሥርዓቱ ሲቀየር ካርዱ እንደገና ፎርማት እንዲደረግ (ባዶ ሆኖ እንዲዘጋጅ) ይጠይቃሉ። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ ተሠርተው ይህ ምርጫ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። የእርስዎ እንዲያ ከሆነ በ60አይ እየቀረጹ ሻተሩን በእጅ 1/100 ላይ ያቁሙት፤ ከ1/60 አንፃር የሦስት አራተኛ ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ) ያህል ብርሃን ስለሚያጡ አይሪሱን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ) ከፈት ማድረግ ያስፈልጋል።

የተቀረጸውን በተመለከተ ሙሉ በሙሉ ባይድንም የሚያሽለው ዘዴ አለ። በ60 ሥርዓት የተቀረጸ ምስል በኛ መብራት ሥር የብርሃን ለውጡን በየ3 ፍሬሙ ይደግማል፤ ስለዚህ ያንኑ ክሊፕ በሦስት ትራክ ላይ ደራርበው ሁለተኛውን በ1 ፍሬም፣ ሦስተኛውን በ2 ፍሬም ያንሸራቱት። የታችኛውን ኦፓሲቲ (ድፍንነት) በመቶኛ 100፣ የመካከለኛውን 50፣ የላይኛውን 33 ቢያደርጉት ሦስቱም እኩል ድርሻ ይኖራቸዋል፣ ጥላውም ይጠፋል። ይህን መሥራት ያለብዎ ግን በሰከንድ 29.97 ፍሬም በሆነ (በ60 ሥርዓት) ሲኩዌንስ (የማቀናበሪያ መስመር) ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ወደ 25 ከለወጡት አንዳንድ ፍሬሞች ስለሚጣሉ ስሌቱ ይፈርሳል። ሠርተው ሲጨርሱ ኔስት አድርገው (እንደ አንድ ክሊፕ ጠቅልለው) ወደ ዋናው ሲኩዌንስ ያስገቡት።

የጅሬኑ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በቴሌቪዥን ሳየው ጥላው እዚያው አለ፤ ሶፍትዌሩን በከንቱ ነው የወቀስኩት። ሜኑው ውስጥ 60አይ የሚል ስላገኘሁ ወደ 50አይ ቀይሬ ቤቴ ባለው ፍሎረሰንት ሥር ሞከርኩ፤ ምስሉ ጠራ። የሦስት ትራኩ ዘዴ የሽማግሌዎቹን ንግግር አድኖልኛል። ጭፈራው ላይ ግን እጅና እግር ጥላ እያስከተለ ስለሚታይ ያንን ክፍል በሁለተኛው ካሜራ እተካዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ግራ አጋባኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ከተነሣ በኋላ፣ በ25 ፍሬምና በ1/50 ሻተር የሚቀርጸው ሁለተኛው ካሜራም ፈዛዛ ጥላ ያሳያል፤ እርሱም በሰከንድ አራት ጊዜ ያህል ያልፋል። ታዲያ ስለ 50 የተባለው እዚህ ላይ ለምን አልሠራም?

ባላስት

ልጄ፣ ስለ 50 የተባለው ትክክል ነው፤ ትክክል ያልነበረው ጄኔሬተሩ ነው። እኔ ካሜራ ከመያዜ በፊት ለብዙ ዓመታት የመብራት ዕቃና ጄኔሬተር ስጠግን ስለኖርኩ ይህችን ጉዳይ ለይቼ አውቃታለሁ።

በየሰርጉ የሚከራየው ትንሹ ጄኔሬተር 50 ኸርዝ የሚሰጠው ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ነው። ጭነት ሲቀልለት ሞተሩ ይፈጥናል፤ ለምሳሌ 3,120 ዙር ቢደርስ 52 ኸርዝ ይሆናል፣ ፍሎረሰንቱም በሰከንድ 104 ጊዜ ይደምቃል ማለት ነው። በ25 ፍሬም ስትቀርጽ 100ው ከካሜራህ ጋር ልክ ገጥሞ የተረፈው 4 ነው፤ በሰከንድ አራት ጊዜ ያለፈው ጥላህ ያ ነው። የጻፍከውን ቁጥር ሳይ አንተ ሳታውቀው ጄኔሬተሩን በካሜራ ለክተኸዋል ብዬ ሳቅሁ።

እንግዲህ በሰርጉ ቀን የሰው ጄኔሬተር ከፍተህ ጋቨርነር (የሞተሩን ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ስታስተካክል አትውልም። ካሜራህ ክሊር ስካን ወይም ሲንክሮ ስካን የሚባል ማስተካከያ ካለው ሻተሩን በአሥረኛ እየከፋፈልክ ማንቀሳቀስ ትችላለህ፤ ጥላው እስኪቆም ድረስ ከ50 ከፍ እያደረግህ 52 አካባቢ ፈልገው። ነገር ግን ድምፅ ማጉያው ሲከፈትና ሲዘጋ የሞተሩ ፍጥነት ስለሚዋዥቅ አንዴ አስተካክለህ አትተወው። መድረኩን በሚያበራው ርካሽ የኤልኢዲ መብራት ላይም የሚሠራው ይኸው መሣሪያ ነው፤ ኤልኢዲ በዲመር ሲደበዝዝ የራሱ የሆነ የብልጭታ ፍጥነት ስላለው 50ና 100 አይገዙትም። ከሁሉ የሚሻለው በባትሪ የሚሠራ የራስህን መብራት በካሜራው ላይ መያዝ ነው። ጅማ ላይ ዝናቡም መብራቱም ስለማይታመን ይህ ትርፍ ወጪ አይደለም።

ድምፅ ሰብሳቢ

ስለ ድምፁ ማንም ስላልመለሰ እኔ ልቀጥል። ሁለቱ ችግሮች ምንም አይገናኙም።

በፋይሎቹ መጋጠሚያ ላይ ድምፁ የሚቋረጠው ኤምቲኤሶቹ ከካርዱ ላይ ተነጥለው ስለተወሰዱ ነው። ካሜራው ረዥሙን ቀረጻ የሚቆራርጠው በፋይል መጠን ገደብ ምክንያት ሲሆን፣ ቁርጥራጮቹ የአንድ ቀረጻ አካል መሆናቸውን የሚናገረው መረጃ በሌሎቹ ፎልደሮች ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ፕራይቬት የሚለውን ፎልደር እንዳለ መገልበጥና በፕሪሚየር ሚዲያ ብራውዘር በኩል ማስገባት ይገባል፤ ያኔ ሁሉም እንደ አንድ ክሊፕ ይታያል። ካርዱ አስቀድሞ ፎርማት ተደርጎ ከሆነም ተስፋ አይቁረጡ። ቁርጥራጮቹ የአንድ ተከታታይ ፍሰት ክፍሎች ስለሆኑ በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት የኮፒን ትእዛዝ በባይነሪ መንገድ ተጠቅመው በቁጥር ቅደም ተከተላቸው አንድ ፋይል ማድረግ ይቻላል፤ ዋናዎቹን ሳይነኩ ግን በቅጂ ላይ ይሥሩ።

የ4 ፍሬሙ መዘግየት ደግሞ የሁለት ሰዓቶች አለመስማማት ነው። ካሜራውም መቅጃውም እያንዳንዳቸው ጊዜ የሚቆጥሩበት የራሳቸው ክሪስታል አላቸው፤ በ25 ፍሬም 4 ፍሬም ማለት 0.16 ሰከንድ ሲሆን፣ ይህም ለሁለት ሰዓት ሲካፈል ከመቶ 0.0022 ብቻ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ ስለሆነ የክሊፑን ፍጥነት በመቶኛ መለወጥ አያዋጣም። በየግማሽ ሰዓቱ ተናጋሪው ዝም ያለበትን ቦታ ፈልገው ድምፁን ይቁረጡና ከዚያ በኋላ ያለውን 1 ፍሬም ወደፊት ይሳቡት፤ ማንም ሰው አይሰማውም። ለወደፊቱ ሲጀምሩም ሲጨርሱም በካሜራው ፊት አንድ አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ የሁለቱ ጭብጨባዎች ልዩነት ስንት ፍሬም መሳብ እንዳለብዎ ይነግርዎታል። መቅጃውም በ44.1 ሳይሆን በ48 ኪሎ ኸርዝ የናሙና ፍጥነት መሆኑን ያረጋግጡ።

የጅሬኑ (ጠያቂ)

ጋሼ ባላስት፣ የጄኔሬተሩን ባለቤት አግኝቼ ብጠይቀው «ማጉያው ሲጠፋ ሞተሩ ይጮኻል» አለኝ፤ ነገሩ እርስዎ እንዳሉት ነው።

አንደኛው ካርድ ሳይጠፋ ስለቆየ ከነፎልደሩ ገልብጬው መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ጠፍተዋል። ሁለተኛው ፎርማት ተደርጎ ስለነበር ሦስት ፋይሎችን በባይነሪ አያይዣቸው ያለ ችግር ከፈቱ። ድምፁን አራት ቦታ ቆርጬ ሳብኩት፤ የአባትየው ምርቃት አሁን ከከንፈራቸው ጋር ገጥሟል። ዛሬ ማታ ኤክስፖርት አደርጋለሁ፣ መብራት ካልጠፋ።