እርማትና ሮስተር ተደራረቡብን፤ መላ ያላችሁ?

ሰላም መምህራን። ወረዳው የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት በአንድ ሳምንት ስላሳጠረው የፈተና እርማትና የሮስተር (የተማሪዎችን የሁሉም ትምህርት ውጤት፣ አማካይና ደረጃ የሚይዘው ሰንጠረዥ) ሥራ እኩል መጡብን። የሒሳብ መምህር 5 ሴክሽን ይዞ በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፤ በክፍል 60 ተማሪ ሲታሰብ 300 ወረቀት ነው። አንዱ 4 ደቂቃ ቢፈጅ እርማቱ ብቻ 20 ሰዓት ይወስዳል፤ ያውም የተከታታይ ምዘናው ድምር ሳይቆጠር። የአንድ ትምህርት ውጤት ከዘገየ ደግሞ የክፍል ኃላፊው አማካይና ደረጃ ማውጣት አይችልም። በግምት ሞልቶ በኋላ ማስተካከል ተማሪውን መበደል ነው።

ሒሳብንና እንግሊዝኛን በመጀመሪያው ቀን ማስፈተን አስበናል፤ ለእርማት ጥቂት ቀን ያተርፋል፣ ግን አይበቃም። በርእሰ መምህሩ በኩል ለወረዳው በምንጽፈው ደብዳቤ የመንፈቅ ዓመቱ መዝጊያ ቀን ይራዘም እንበል ወይስ የሮስተር ማስረከቢያው ብቻ? የተሳካላችሁ ካላችሁ እባካችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁ ንገሩን።