ስታፋ ደሴት የሄዳችሁ አላችሁ? ከእናቴ ጋር ልሄድ ነው

መንገደኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኦገስት መጨረሻ ላይ ስኮትላንድ እንሄዳለን፣ እኔና እናቴ። ስታፋ የምትባለውን ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት ለማየት በጣም ጓጉቻለሁ። ፓፊን የሚባሉትን ወፎችና የባሕር ዋሻውን ማለቴ ነው። ችግሩ፣ እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ከጀልባ መውረዱ ይከብዳል? ደሴቷ ላይ የምንቆየው ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ነው አሉኝ፣ ለሁለቱም ይበቃል?

ቆቅ፦
ኦገስት መጨረሻ ከሆነ ፓፊኖቹን እርሺያቸው። ኤፕሪል አካባቢ ለመራባት ይመጣሉ፣ ኦገስት መጀመሪያ ላይ ውልቅ ብለው ወደ ባሕር ይሄዳሉ። የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት ውቅያኖስ ላይ ነው። እኔ የሄድኩት ጁን ላይ ነበር። ሣሩ ላይ ዝም ብለን ቁጭ አልን፣ ብዙም ሳንቆይ አንዱ ከባሕር መጥቶ እግሬ ሥር ሊባል በሚችል ርቀት አረፈ፤ አፉ ላይ ቀጫጭን ዓሦች ግራና ቀኝ እንደ ጢም ተንጠልጥለው። ሰው ሲኖር ይቀርባሉ፣ የሚያጠቋቸው ትልልቅ የባሕር ወፎች ሰው ስለሚሸሹ ነው ይባላል። ብቻ ከገደሉ ጫፍ ራቁ። ጎጇቸው አፈር ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፣ ከረገጣችሁት ይደረመሳል።

ጭጋግ፦
እኔ እንኳ ለወፍ ብዬ ባሕር አላቋርጥም 😄 ዋሻው ግን ሌላ ነገር ነው። የፊንጋል ዋሻ ይባላል፣ ወደ 70 ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ይገባል። ግድግዳው የድንጋይ ምሰሶ ብቻ ነው፣ አብዛኛው ባለ ስድስት ጎን። ሰው የጠረበው ይመስላል እንጂ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ተሰነጣጥቆ የወጣ ነው። ማዕበሉ ገብቶ ሲመታ ድምፁ ደረትሽ ውስጥ ነው የሚሰማሽ። በጌልኛ፣ በስኮትላንድ ነባር ቋንቋ ማለቴ ነው፣ «ዜመኛው ዋሻ» ያሉት ወደው አይደለም፣ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሜንደልሶንም እ.ኤ.አ. በ1829 አይቶት ሙዚቃ ጽፎለታል።
የእናትሽን ጉዳይ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይከብዳታል። ጀልባዋ እየተወዛወዘች ነው ድንጋይ ላይ የምትወርዱት። ሣሩ ጋ ለመድረስ ቀጥ ያለ ደረጃ አለ። ወደ ዋሻው የሚኬደው ደግሞ በተሰበሩት ምሰሶዎች አናት ላይ ነው፣ እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል።

ቆቅ፦
እሱ ልክ ነው። ደግሞ የመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ጭራሽ ሳንወርድ ነው የተመለስነው፣ ሞገዱ ከፍ አለና የጀልባዋ ሰውዬ «ዛሬ አይሆንም» ብሎ ዞረ። ያኔ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ሳስበው ግን ልክ ነበር። ስለዚህ የመጨረሻ ቀናችሁ ላይ አታድርጉት፣ መለዋወጫ ቀን ይኑራችሁ። ደሴቷ ላይ ሽንት ቤት የለም፣ ይህን ለእናትሽ አስቀድመሽ ንገሪያት።

መንገደኛዋ፦
ተባረኩ! ፈቃዴን ወደ ጁን ለማዞር እየሞከርኩ ነው። እማዬ ያላችሁትን ሳነብላት «ዋሻውን ከጀልባ አየዋለሁ፣ አንቺ ለወፎችሽ ሩጪ» አለችኝ። ሌላው ሰው ሲወርድ እሷ ጀልባዋ ላይ ብትቀር ይፈቅዱላታል?